የቀመሪያ የለቅሶ ደብተር

ቀመሪያ ሰይድ ከአብነት በእግሯ ተነስታ፣ ልደታ ማርያምን አልፋ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለው ቢሮዋ የምትደርሰው ሁልጊዜ ከአለቆቿ አንድ ሰዓት ቀድማ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ። ታመምኩ ብላ የቀረችበት ቀን ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም፤ ያን ዕለትም ቢሆን ተኝታ በስልክ ስትሠራ ነው የዋለችው።

መታወቂያዋ ላይ «ኤክስኪዩቲቭ ሴክሬታሪ» ይላል። የከለላ ኢንሹራንስ ዋና ሥራ አስኪያጅ የአቶ ወልደ ሚካኤል ጸሐፊ ነበረች። ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ይሄን ማንም ጸሐፊ ይሠራዋል። ቀመሪያን ቀመሪያ ያሰኛት ሌላ ነው። ከኩባንያው ደንበኞች ቤት ማን እንደሞተ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማን ከሐጅ እንደተመለሰ ከሰው ሁሉ ቀድማ ታውቃለች።

ለቅሶን ከመኪና ኢንሹራንስ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ እሱ በዚህ ከተማ ነግዶ አያውቅም። ቀመሪያ ገና ሥራ በጀመረችበት ዓመት አርባ የጭነት መኪና ያለው አንድ ደንበኛ አባቱ ወልዲያ ሞቱበት። ከከለላ አንድም ሰው አልደረሰም። ውል የሚታደስበት ወር ሲመጣ ሰውዬው አርባውንም መኪና ጠቅልሎ ሌላ ኩባንያ ገባ። ምን አስቀየምንህ ሲሉት፣ «አባቴ የሞተ ጊዜ የት ነበራችሁ?» አለ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ያን ጊዜ አቶ ወልደ ሚካኤል አዲሷን ጸሐፊ ጠርተው፣ «ከዛሬ ወዲያ አንድ ለቅሶ እንዳያመልጠን። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አሏት። እሺ አለች። ሲመሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከሱቅ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ገዛች፤ ንብረት ክፍል ጠይቃ እስኪሰጧት ድረስ ሦስት ሰው ሊሞት ይችላል ብላ ከራሷ ኪስ ነው የገዛችው።

ደብተሩ እየሞላ አራት ጊዜ ወደ አዲስ ተገለበጠ። መጨረሻ ላይ ከሺህ በላይ ደንበኛ ነበረበት። ስምና ስልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስምና ስልክማ ኮምፒውተሩም ያውቃል። ደብተሩ የሚያውቀው ሰዎቹን ነው። እገሌ ሁለት ቤት አለው፣ ሐዘን ሲደርስ ግን የሚቀመጠው በመጀመሪያዋ ሚስቱ ቤት ነው። እገሌና ታላቅ ወንድሙ አይነጋገሩም፤ ባንድ ካርድ እንዳይጠሩ። እገሊት የሞተ ልጇን ስም የሚያነሳባት ሰው አትወድም፣ ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይበቃል። ሀጂ አብዱልወሃብ ከዘመድ ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ኮምቦልቻ ያለችውን እህታቸውን ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ «ነጋሪዎች» የሚል አለ። የየሰፈሩ የእድር ጸሐፊዎች፣ የመስጊድ ሰዎች፣ የደብር አገልጋዮች፣ የደንበኞቹ ሾፌሮች። ሰው ሲሞት ገና አስከሬኑ ሳይነሳ ለቀመሪያ የሚደውሉት እነዚህ ናቸው። እንዲህ እንዲደውሉላት ያደረገቻቸው ደግሞ በገንዘብ አይደለም። የእነሱንም ለቅሶ ደርሳ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የምታውቅ ሴት አፏ ቢላላ ስንት ቤት ይፈርስ ነበር። አፏ ግን አይላላም። አግብታ አልወለደች፣ ቤት አልሠራች፣ ያላት ስሟ ነው። «ቀመሪያ ጋ የገባ አይወጣም» ይባላል በመሥሪያ ቤቱ። አብነት ባለው የእናቷ ቤት ከእናቷ ከእማማ ዙሃራ ጋር ነው የምትኖረው፤ ለእሳቸውም ቢሆን የቢሮ ወሬ አንድ ቀን ነግራ አታውቅም። ለእማማ ዙሃራ አንድ ነገር መንገር ለአብነት ሁሉ በድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው። ይሄን እሳቸውም ያውቃሉ፣ አይናደዱም። እንዲያውም ይኩራሩበታል። «የኔ ልጅ ሆድ ጉድጓድ ነው። እኔ እናቷ ስንቴ ሞክሬ አቃተኝ» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ደስ የሚያሰኛቸው ነገር ካለ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። አቶ ፍሬምናጦስ ይባላል፤ የከለላ ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ የሽያጩ የበላይ ነበር። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰውን በስሙ ላይ «ዬ» ጨምሮ የሚጠራ። አቶ ወልደ ሚካኤል የልጁ የክርስትና አባት ናቸው። አቶነቱን ከዚህ ወዲያ አንስቼበታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ፍሬምናጦስ ቀመሪያ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጦ፣ «ቀመርዬ፣ የትልልቆቹን ደንበኞች ዝርዝር ውላቸው ከሚታደስበት ወር ጋር አንድ ላይ አትሚልኝ እስቲ» አላት።

«ጋሼ ወልደ ሚካኤል ይፍቀዱልኝ እንጂ» አለች።

«እኔም እኮ አለቃሽ ነኝ።»

«ነዎት። ግን መመሪያው ላይ ያለ ነው፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

እውነቷን ነው። ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ የሚፈርምበትን የሚስጥር ጥበቃ ቅጽ የጻፈችው እሷ ናት። የደንበኞች ዝርዝር፣ የዋጋ ስሌት፣ የውል ዘመን፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ፍሬምናጦስ ሳቀ። «አንቺን የሚያልፍ የለም» ብሏት ተነስቶ ሄደ። ቅር ያለውም አይመስልም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ተመለሰ። በዚህኛው ቀን ፊቱ ሌላ ነው። በሩን ዘጋ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ጎንበስ አለ።

«ቀመርዬ፣ አምና ወገቤን ታምሜ ሦስት ወር ተኝቼ አልነበር? ስንት ሰው ለቅሶ አምልጦኛል መሰለሽ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ዓመቱ ሳይዞር ቤት ለቤት ሄጄ ካላልቀስኩ ሰው አይደለሁም። እስቲ ደብተሯን ስጪኝና የሞቱባቸውን ልይ።»

«ስማቸውን ነጥዬ ልጻፍልዎት?»

«ስንቱን ትጽፊዋለሽ? ቤቱን፣ አቅጣጫውን፣ ማን እንደሞተበት ማወቅ አለብኝ። የሰውን ሟች አሳስቼ በሐዘኑ ላይ ሐዘን ልጨምር? ቅዳሜና እሑድ ይዤው ልዙር። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛሽ ላይ ነው።»

ማክሰኞ ዝርዝሩን የከለከለችው ሴት ሐሙስ ደብተሩን ሰጠችው። አትፍረዱባት። የደንበኛ ዝርዝር ስጪኝ ያላትን ሰው መመሪያ አለ ብላ ትመልሰዋለች። ለቅሶ ልድረስ ያለውን ሰው ግን ምን ብላ ትመልሰው? ያደገችው መንገድ ላይ አስከሬን ሲያልፍ የማያውቀውም ሰው ተነስቶ በሚሸኝበት አገር ነው። ለቅሶ ቤት ወዴት ነው ብሎ የጠየቀን ሰው ጠላት ቢሆን እንኳ እጁን ይዘው ያደርሱታል እንጂ አላውቅም አይባልም። ደግሞ ደብተሩን ማንም ሚስጥር ብሎ አያውቅም። የንብረት ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው፣ ቅጹ ላይ አልተጻፈ። «የለቅሶ ደብተር» ነው ስሙ።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩ እንደተባለው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ፍሬምናጦስ አራት ቤት እንደሄደ ነገራት። አልዋሸም፣ አራት ቤት ሄዷል። በቀረው ሰዓት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ሲያነሳ ነው የከረመው።

የካቲት አጋማሽ ላይ መልቀቂያ አስገባ። ሁለት የመምሪያ ኃላፊዎችም አብረውት። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የተከፈተው መከታ ኢንሹራንስ ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎት ነበር።

ያን ቀን ከለላ ውስጥ የሆነውን ብታዩ ሌባ ተይዞ ነው የምትሉት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ኢሜይሉ ተዘጋ። ላፕቶፑን ዘበኛ ቆሞበት አስረከበ። ቢሮው በወረቀት ታሽጎ ማኅተም ተመታበት። የሕግ ክፍሉ ዋቅሹማ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ የፍሬምናጦስን ቦርሳ በር ላይ አስከፍቶ ፈተሸው፤ የልጁ ፎቶና አንድ ጥንድ ጫማ ነው የተገኘው። አቶ ወልደ ሚካኤል በመስኮት ቆመው አዩትና፣ «አንዲት ወረቀት ይዞ አልወጣም» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ሚያዝያ ሳይገባ ሀጂ አብዱልወሃብ ሄዱ። ስድሳ ሁለት ተሳቢ ነበራቸው። አቶ ወልደ ሚካኤል ራሳቸው ደውለው ለመኗቸው። ሀጂ አልተቆጡም። «እህቴ ኮምቦልቻ ስትሞት ፍሬምናጦስ ሌሊቱን ነድቶ መጥቶ ሦስት ቀን ምንጣፍ ላይ ከኛ ጋር ተቀመጠ። የናንተ ሰው የመጣው በአራተኛው ቀን ነው» አሉ። ከሀጂ በኋላ የዘይት አስመጪው ሄደ። ከእሱ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ። የከለላ ሰዎች ለቅሶ ቤት በደረሱ ቁጥር ፍሬምናጦስ ጫማውን አውልቆ ከቤተ ዘመዱ መሐል ተቀምጦ ያገኙታል። ቀመሪያ ነገሩ ግራ ገባት። ስልኳ እንደ ድሮው አይጮህም፤ ሲጮህም ዘግይቶ ነው። ከነጋሪዎቿ አንዱ፣ የኮልፌው የእድር ጸሐፊ፣ «አቶ ፍሬምናጦስ ለኔ ንገረኝ፣ ለቀመሪያ እኔ አደርሳለሁ ብሎኝ ነው እኮ» ሲላት እንኳ ቶሎ አልገባትም። ሰውን ማመን ስትጀምር መቼ ማቆም እንዳለባት የምታውቅ ሴት አልነበረችም።

የገባት ግንቦት ላይ ነው። ዮፍታሔ የሚባለው የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት እንጀራ እናቱ ሞቱ። አቶ ወልደ ሚካኤል ይሄኛው እንዲያመልጣቸው አልፈለጉም፤ ቀመሪያን መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ጦር ኃይሎች ያለው ድንኳን ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ ፍሬምናጦስ ነጠላ አዘቅዝቆ ለብሶ፣ የንፍሮ ሳህን ይዞ፣ እንደ ቤቱ ልጅ ያስተናግዳል። ከዮፍታሔ ጋር ሲተቃቀፍ፣ «እናትህን እኮ አውቃለሁ፣ ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ አዝለው ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው» ሲለው ሰማች። ዮፍታሔ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቀመሪያ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰባት ዓመት የምትለዋን ነገር ዮፍታሔ ለማንም አያወራም። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቀን ብቻ፣ ቢሮ አቶ ወልደ ሚካኤልን ሲጠብቅ፣ ለእሷ ነግሯታል። እሷም ደብተሯ ላይ ብቻ ጽፋዋለች።

ፍሬምናጦስ ንፍሮውን ይዞ እሷ ጋ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ፣ «እንዴት ነሽ ቀመርዬ? ጠፋሽ» አላት። በወቀሳ አይደለም፤ በፍቅር ነው ያላት። ከዚያ ወደ አቶ ወልደ ሚካኤል ዞሮ ሳህኑን ዘረጋላቸው። ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ያያል፣ አይሰዳደቡም። አቶ ወልደ ሚካኤል ቆንጥረው ወሰዱና አኘኩ። ጉሮሯቸው ውስጥ ሲያልፍ የታያቸው ነገር ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ቀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። ማንም አላወቀባትም፤ ዝም ብትል ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ማንም ደብተሩን የጠረጠረ የለም። ግን ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አልመሰላትም። ጠዋት አቶ ወልደ ሚካኤል እንደገቡ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሐሙሱን፣ ወገቡን፣ ሰኞውን። እንባዋ ይወርድ ነበር።

አቶ ወልደ ሚካኤል ከወንበራቸው ተነሱ። ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «አንቺ ልጄ ነሽ። እኔንም እኮ አታሎኛል፣ የልጁ የክርስትና አባት አድርጎኝ። በይ አትፍሪ። ብቻ የነገርሽኝን ለዋቅሹማ በጽሑፍ ስጪው፣ ፍርድ ቤት እናቆመዋለን።»

ጻፈችው። ሁለት ገጽ፣ አንድ ስሕተት የሌለው፣ «ከሰላምታ ጋር» ብላ ፈረመችበት። ዋቅሹማ አነበበና፣ «እትዬ ቀመሪያ፣ ይሄ ወርቅ ነው» አላት። እውነትም ለሱ ወርቅ ነበረ።

ክሱ ልደታ ተከፈተ። ቀመሪያ ምስክር ሆና ተጠራች፤ ቢሮዋ አጠገቡ ስለሆነ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር በእግሯ ትሄዳለች። የፍሬምናጦስ ጠበቃ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ደብተሩን የገዛው ማነው? እሷ። የንብረት ቁጥር አለው? የለውም። ሚስጥር ነው ተብሎ በጽሑፍ ተነግሯታል? አልተነገራትም። እና አንድ ግለሰብ የግል ማስታወሻዋን ለለቅሶ ብትሰጥ ደንበኛዬ ምን አጠፋ? ቀመሪያ መልስ ስትሰጥ ፍሬምናጦስ በሐዘኔታ ይመለከታት ነበር። መዝገቡ ለሌላ ቀጠሮ ተቀጠረ፤ ቀጥሎ ለሌላ።

ይሄን ጊዜ ነው ሽማግሌዎች የገቡት። የአንድ ልጅ አባትና የክርስትና አባት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጎተቱ ደስ አይልም ተባለ። የሁለቱም ኩባንያ ባለአክሲዮኖች ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ለማንም አይበጅም ተባለ። ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ወር ተመላለሱ። በመጨረሻ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የከለላ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዋቅሹማ በእጅ የተጻፈ አራት ወረቀት ይዞ ከአዳራሹ ወጣ። ቀመሪያን አላያትም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና መስኮቱን እያየ፣ «ይሄን ጻፊው፣ አራት ኮፒ። ጋሼ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ ሚስጥር ነው፣ ከቀመሪያ በቀር ለማንም አትስጥ ብለዋል» አላት።

ጀመረች። አንቀጽ አንድ፣ ክሱ ይነሳል። አንቀጽ ሁለት፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ለሁለት ዓመት አንዱ የሌላውን ሠራተኛ አይቀጥርም። አንቀጽ ሦስት፣ የሄዱት ደንበኞች በሄዱበት ይጸናሉ። አንቀጽ አራት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «የደንበኞች መረጃ የወጣው በሁለቱም ወገን ኃላፊዎች ዕውቀት ሳይሆን፣ ወ/ሪት ቀመሪያ ሰይድ የተባለች ጸሐፊ በግሏ ተነሳስታ አሳልፋ በመስጠቷ መሆኑን፣ ይህንንም ራሷ በፈረመችው ጽሑፍ ያመነች መሆኑን ተዋዋዮች ተቀብለዋል።» አምስት፣ ከሥራ ትሰናበታለች፤ መከታም አይቀጥራትም። ስድስት፣ ስንብቷ በጋዜጣ ይገለጻል።

ቀና ብላ ዋቅሹማን አየችው።

«ዋቅሹማ፣ የጻፍኩልህ እንዲህ ይላል?»

«እትዬ ቀመሪያ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።» ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ቦርዱ አንድ ተጠያቂ ካልቀረበ አልቀበልም አለ። ሁለቱ ደግሞ ታርቀዋል። ማንን ያቅርቡ?»

«ሰጥቼ ነው እንጂ ሸጬ እኮ አይደለም። ለለቅሶ ብሎኝ።»

«አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃሉ» አለ። «ሰባተኛውን አንብቢው፣ እንዳትሳሳቺ። የስምምነቱ ይዘት ሚስጥር ነው ይላል። አንቺም በተያያዘው ቅጽ ትፈርሚያለሽ። ከፈረምሽ የሥራ ልምድ ወረቀትሽን ይሰጡሻል፣ ክስ አይቀርብብሽም። ለማንም፣ ለቤተሰብሽም ቢሆን አንዲት ቃል ከወጣች ግን በዚያው በጽሑፍሽ ፍርድ ቤት ያቆሙሻል። አሁን ጨርሺው፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

ቅደጂው፣ በሩን በርግደሽ ግቢ፣ እሪ በይ የሚያሰኝ ነው። እኔም ስሰማ እንደዚያው ነው ያልኩት። አልቀደደችም። ጨረሰችው። ሃያ አራት ዓመት የሠራች እጅ ነው፤ ባለቤቱ ስታለቅስም ይጽፋል። አራት ኮፒ አወጣች፣ ከረቂቁ ጋር ቃል በቃል አመሳከረች፣ አንድ ቦታ የዘለለችውን አራት ነጥብ አስተካክላ ያንን ገጽ ደግማ አተመች፣ በማቀፊያ አድርጋ ይዛ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ነበር። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። አቶ ወልደ ሚካኤል እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወረቀቱን ተቀበሏት። ዓይናቸውን ከማቀፊያው አላነሱም። «ቀመሪያ» አሉ፣ «ኩባንያው ከሁላችንም ይበልጣል። ይሄ ያልፋል። አላህም ያውቅልሻል።» በአርባ ዓመት የሥራ ዘመናቸው በእስላም አምላክ ስም ሲያጽናኑ ይሄ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ፍሬምናጦስ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በመላ አዲስ አበባ እንደ ቀመርዬ የሚጽፍ የለም» አለ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ፈረሙ። እሷም ቅጿን ፈረመች። ደብተሩን ዋቅሹማ ከመሳቢያዋ አውጥቶ የንብረት ቁጥር ለጠፈበት። መታወቂያዋን በር ላይ ዘበኛው ተቀበላት፤ ቦርሳዋን ከፍቶ ፈተሸ፤ የእናቱን ለቅሶ የደረሰችለት ሰው ነው።

ለእናቷ እረፍት ወጣሁ አለቻቸው። እማማ ዙሃራ ደስ አላቸው፤ በዕድሜያቸው ልጃቸው እረፍት ወጥታ አይተው አያውቁም። አሥር ቀን አብረው ቁርስ በሉ። ቀመሪያ ጋዜጣው የትኛው ቀን እንደሚወጣ ታውቅ ነበር፤ የማስታወቂያውን ጽሑፍም የጻፈችው እሷ ናት፣ ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ከቤት አልወጣችም። ምናልባት አብነት ጋዜጣ የሚያነብ አይኖርም ብላ ነበር።

ባለ ሱቁ ሺፋ ያነባል። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ ገባ። ክፋት አልነበረውም፤ ሐሰት ነው ትበለኝ ብሎ ነው የመጣው። «ፎቶግራፋቸው ከላይ የሚታየው ወ/ሪት ቀመሪያ ሰይድ የኩባንያችንን የደንበኞች ሚስጥር አሳልፈው በመስጠታቸው ከሥራ የተሰናበቱ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ በኩባንያችን ስም የሚያደርጉትን ማንኛውንም ግንኙነት የማንቀበል መሆኑን እናሳስባለን።» እማማ ዙሃራ ማንበብ አይችሉም። ፎቶውን ግን ያውቁታል፤ ሥራ የገባች ጊዜ የተነሳችው ነው።

ሺፋ ሲወጣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ እማማ ዙሃራ፣ «ይሄ ሰው የሚለው ነገር እውነት ነው?»

ቀመሪያ አፏን ከፈተች። ሐሙሱ ምላሷ ላይ ነበር፣ ወገቡ፣ ድንኳኑ፣ አንቀጽ አራት። እናቷን አየቻቸው። እኚህ እናቷ ናቸው፤ አንዲት ቃል ከሰሙ ዛሬውኑ ከሺፋ ሱቅ ተነስተው እስከ ልደታ ፍርድ ቤት በር ድረስ እየጮሁ ነው የሚሄዱት። ከዚያ መጥሪያ ይመጣል። እናቷን ጥላ እስር ቤት ትገባለች።

«እማ፣ ተይው» አለች።

«አልተወውም። አንድ ቃል ነው የምጠይቅሽ። የሰው ሚስጥር አሳልፈሽ ሰጥተሻል ወይስ አልሰጠሽም?»

ሰጥቻለሁ ብትል እውነት ነው። አልሰጠሁም ብትልም እውነት ነው። ምንም አላለችም። እማማ ዙሃራ ጠበቁ፤ ሻይ ቢሆን ቀዝቅዞ የሚያልቅበትን ያህል ጠበቁ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ፣ ወደ መኝታቸው ገብተው መጋረጃውን ጎተቱት።

በማግሥቱ ጎረቤቶች መጡ። ቀመሪያ ጓዳ ሆና ትሰማለች። አንዷ፣ «ቀመሪያ እንዲህ አታደርግም፣ ስሟን ያጠፉት ሰዎች ናቸው» ስትል ሰማች። የእናቷን መልስ ለመስማት ውሃውን ዘጋችው።

«ያጠፋትስ ሰው አይደለም፣ ራሷ ናት» አሉ እማማ ዙሃራ። «ሃያ አራት ዓመት ለእናቷ ያልነገረችውን ለካ ለገዢ ስታስቀምጠው ኖሯል። እኔ ሞኝ፣ ጨዋ ልጅ ወልጄ መስሎኝ ሰፈሩን ሁሉ ስኩራራበት ኖርኩ።»

ቀመሪያ ውሃውን መልሳ ከፈተችና ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች።